«ወራጅ አለ» ሳልል ሜክሲኮ መድረስ

ጥቅምት 5

ከዛሬ ጀምሮ ይህን ደብተር እይዛለሁ። ሥራው አንድ ነው፤ ከአያት ሜክሲኮ በሚኒባስ ታክሲ መሄድ። መንገድ ላይ ሳልወርድ፣ እህቴ ጋ ሳልደውል፣ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ተቀምጬ። ቀነ ገደቡ ጥምቀት ነው። ዘንድሮ ከጃንሜዳ መቅረት አልፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ከሥራ ስመለስ ዝናብ ይጥላል፤ የታክሲው መስኮቶች በሙሉ ተዘግተዋል፤ እኔ ከኋላ ወንበር ከአራት ሰው አንዷ ሆኜ ጥግ ላይ ተጣብቄያለሁ። ባምቢስ ጋ መንገዱ ተዘጋጋ። መጀመሪያ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ከዚያ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ መሰለኝ፣ አየር አጠረኝ፣ ዓይኔ ጭልም አለብኝ፣ እዚሁ ሰው መሀል መሞቴ ነው ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። «ወራጅ አለ!» አልኩ። ረዳቱ አልሰማኝም። ደግሜ ጮህኩ። በሰው ጉልበት ላይ ተረማምጄ ወረድኩና ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ተነፈስኩ።

ያን ማታ ሆስፒታል ሄድኩ። ልቤ ታየ፣ ደሜ ታየ፣ «ምንም የለብሽም» ተባልኩ። በሳምንቱ ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ ያው ነው። ምንም የለብሽም የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። ምንም ከሌለብኝ ያ ምን ነበር? በሦስተኛው ቦታ አንዲት ወጣት ሐኪም ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ «የሆንሽው እውነት ነው። ፓኒክ ይባላል። ሕክምናም አለው» አለችኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

እዚያ እስክደርስ ግን አራት ወር አልፏል። ታክሲ ትቻለሁ። በራይድ መመላለስ ጀምሬ ደሞዜ አልችል ብሏል። ሊፍት ትቻለሁ፤ ቢሮዬ ሰባተኛ ፎቅ ነው። ቡና ትቻለሁ፤ ልቤን ያስመታኛል ብዬ። ቤተ ክርስቲያን ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የማስቀድሰው፤ ወደ ውስጥ ከገባሁ መውጫ አጣለሁ ብዬ። አንዱን ስተው ሌላው ይከተላል።

ጥቅምት 9

ሳይኮሎጂስቷ ጋ ሁለተኛ ቀኔ። የምትሠራው የባህርይ ሕክምና የሚባለውን ነው። ስለ ልጅነቴ ብዙ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች።

«ከታክሲው ስትወርጂ ምን ተሰማሽ?»

«እፎይ አልኩ።»

«በሽታውን የሚያቆየው እሱ እፎይታ ነው» አለችኝ።

ይህን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ፍርሃት ሁለት ጊዜ ነው የምንማረው። አንዴ ሲይዘን፤ ሁለተኛ ስንሸሸው። ታክሲው ውስጥ ልቤ በመታበት ቀን ታክሲና ሞት ተያያዙብኝ። ከዚያ በሸሸሁ ቁጥር ደስ የሚል እፎይታ አገኘሁ፤ ያ እፎይታ መሸሼን ሸለመው። አእምሮዬም «አየሽ፣ ባትወርጂ ኖሮ ትሞቺ ነበር» ብሎ መዘገበው። ባልወርድ ምን እንደምሆን የማየት ዕድል አንድም ቀን ሰጥቼው አላውቅም። ይህን ሐሳብ መልክ አስይዞ ያቀረበው ማውረር የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947። ሰባ ዓመት ያለፈው ነገር ነው፤ እኔ ግን የሰኔዋን ራሴን ነው ያየሁበት።

መሰላል ሠራን። እያንዳንዱ ደረጃ ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ነጥብ አለው። ታክሲ ተራ ሰልፍ መቆም 25። ጋቢና ተቀምጦ ከአያት ሲኤምሲ 35። አቦል ቡና መጠጣት 45። መሀል ወንበር እስከ መገናኛ 60። በሥራ መግቢያ ሰዓት ቀላል ባቡር 75። የኋላ ወንበር፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ 90። ጃንሜዳ 100።

ነጥብ መስጠቱንም መሰላሉንም በሰፊው ያስለመደው ጆሴፍ ዎልፒ ነው፤ ጆሃንስበርግ የተወለደ የደቡብ አፍሪካ ሐኪም። ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ሲያክም በጊዜው የነበረው መድኃኒት እንደማይበቃቸው አይቶ ነው ወደዚህ የመጣው። ፍርሃት ያደረባቸውን ድመቶች መጀመሪያ ከፈሩት ክፍል ራቅ ባለ ቦታ ይመግባቸዋል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እያቀረበ እዚያው ከፈሩበት ያደርሳቸዋል። ከሱም በፊት እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል ሴት፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ጥንቸል የሚፈራ ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን በየጊዜው ጥቂት እያስጠጋች፣ በመጨረሻ በእጁ እስኪነካት አድርሳዋለች። ይህችን ታሪክ በጣም ነው የወደድኳት። ማንም «አትፍራ» አላለውም። ጥንቸሏን ብቻ ትንሽ ትንሽ አስጠጉለት።

ጥቅምት 14

ይህ ሳምንት ታክሲ የለም። ቤት ውስጥ ከገዛ ሰውነቴ ጋር ነው ሥራው።

እኔ የምፈራው ታክሲውን ብቻ አይደለም፤ የልቤን ምት፣ የጣቴን መደንዘዝ፣ ማዞሩንም ነው። ስለዚህ እነዚህን ሆን ብዬ አመጣቸዋለሁ። በቀጭን ስትሮ አንድ ደቂቃ መተንፈስ። በሚሽከረከር የቢሮ ወንበር አንድ ደቂቃ መዞር። ኮንዶሚኒየሙን ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ ሮጦ መውጣት። ቶሎ ቶሎ በኃይል መተንፈስ። እነዚህን የምሠራው ልቤ ተመርምሮ ጤነኛ መሆኑ ስለታወቀ ነው። እናንተም የደረት ሕመም፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ካለባችሁ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትንኩት።

ስትሮው ባሰብኝ። በሃያ ሰከንድ አውጥቼ ጣልኩት። እንደገና። ሠላሳ ሰከንድ። ሦስተኛው ላይ ደቂቃውን ሞላሁ። ቶሎ ቶሎ ስተነፍስ ደግሞ ጣቶቼ ልክ እንደዚያ ቀን ደነዘዙ! ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ለካስ ቶሎ ቶሎ በኃይል ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን ከልክ በላይ ይወጣል፤ መደንዘዙና ማዞሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። አየር አጠረኝ ስል የነበረው ከሚያስፈልገኝ በላይ እየተነፈስኩ ነው።

ሁለተኛው የገረመኝ ራስን የመሳት ነገር ነው። ሰው ተዝለፍልፎ የሚወድቀው የደም ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ነው። በፓኒክ ጊዜ ግን ልብ ይሮጣል፣ ግፊትም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ፓኒክ ያለበት ሰው «ልወድቅ ነው» እያለ አብዛኛውን ጊዜ የማይወድቀው። ደም ሲያይ ወይም መርፌ ሲወጋ የሚወድቅ ሰው ጉዳይ ለብቻው ነው።

እማዬ ከሳሎን ሆና ስዞር አይታኝ ደነገጠች። «ልጄ፣ ጸበል እንሂድ እንጂ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። እንሄዳለን አልኳት፤ ሄድንም። ሳይኮሎጂስቷን ስጠይቃት አንዱ ሌላውን አይከለክልም ብላኛለች። ጸበሌን እጠጣለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ።

ጥቅምት 23

ሰልፉ አለቀ፤ አሁን ታክሲ ነው። ጋቢና፣ ከአያት ሲኤምሲ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ነጥቦቹ 60፣ 65፣ 30።

ከመሄዴ በፊት ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ። ምን ይሆናል ብዬ እፈራለሁ? «እጮሃለሁ፣ ሰው ሁሉ ያየኛል።» ምን ያህል አምነዋለሁ? 70 ከመቶ። ስመለስ ደግሞ ምን ሆነ ብዬ እጽፋለሁ። አልጮህኩም። ሾፌሩ የነዳጅ ሰልፍ እያማረረ ነበር፤ እኔን ያየኝም የለም።

ሳይኮሎጂስቷ ነጥቡ ወረደ አልወረደ ብዙ አትጨነቅም። የፈራሽው ሆነ ወይስ አልሆነም? የምትጠይቀኝ እሱን ነው።

ጥቅምት 30

ይህን ቀን በዝርዝር ልጻፈው፤ ሰው ይጠቀምበታል።

ሳምንቱን ሙሉ ጥሩ ሄጄ ነበር። እስከ ጉርድ ሾላ፣ አንዴም እስከ መገናኛ። ደብተሩ ላይ ሁሉም ራይት ነው። ዛሬ ተራ ስደርስ የመጣው ታክሲ ጋቢናው ተይዟል። አሳለፍኩት። ሁለተኛውም ተይዟል። አሳለፍኩት። ሦስተኛው። አራተኛው። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች «እህት፣ ትሄጃለሽ አትሄጂም?» አሉኝ። ሰልፉን ለቅቄ ወጣሁና በራይድ ሄድኩ።

ማታ ቁጭ ብዬ ቦርሳዬን ገለበጥኩት። ውኃ በፕላስቲክ። መስቲካ። ቢያስመልሰኝ ብዬ ፌስታል። ስልኬ የእህቴ ቁጥር እንደተከፈተ። ጋቢና ደግሞ የራሱ በር አለው፤ በፈለግሁ ሰዓት ከፍቼ እወርዳለሁ። እነዚህን ሁሉ ይዤ ነው ስሄድ የሰነበትኩት። እስከ መገናኛ ስደርስ አእምሮዬ «ታክሲ አይገድልም» ብሎ አልተማረም። «ውኃው ባይኖር፣ በሩ ባይኖር ኖሮ አልቆልሽ ነበር» ብሎ ነው የተማረው። እግሩ የዳነ ሰው ምርኩዙን ካልጣለ መዳኑን በምን ያውቃል?

ለሳይኮሎጂስቷ ስነግራት አልተቆጣችም። እንዲያውም «አሁን ዋናው ሥራ ጀመረ» አለች።

ኅዳር 5

ምርኩዞቹን አንድ በአንድ። መጀመሪያ ውኃውን።

ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ወጣሁ። ደረጃው ላይ አፌ ደረቀ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ በሩን ልከፍት ቁልፉን አወጣሁ። ሰው ውኃ ሳይዝ ከአያት መገናኛ ይሄዳል፤ በየቀኑ ስንቱ ሕዝብ ይሄዳል። ይህን አውቃለሁ፤ ሰውነቴ ግን አያውቅም። ሰውነቴን በቃል ማስረዳት አልቻልኩም፤ ይዤው መሄድ ነበረብኝ። መሀል ወንበር ተቀመጥኩ። አፌ እስከ ሲኤምሲ እንደ ትቢያ ነበር፤ ጉርድ ሾላ ስንደርስ ረሳሁት። መርሳቴን ያስተዋልኩት መገናኛ ወርጄ ነው።

በማግስቱ ፌስታሉ። ከዚያ መስቲካው። ስልኩ ከሁሉም ባሰ፤ ቦርሳ ውስጥ ዘግቼ መያዝ ብቻ አምስት ጉዞ ፈጀብኝ። እህቴም መከረች፤ መንገድ ላይ ከደወልኩ «አይዞሽ፣ እንደርሳለን» ከማለት «ስትደርሺ ደውይ» ብላ ትዘጋለች። ስትዘጋብኝ እሷም ማልቀሷን በኋላ ነው የነገረችኝ።

ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ዛሬ ያላሰብኩት ፈተና መጣ።

ኅዳር ሲታጠን አዲስ አበባን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀው ጀምሮ በዚህ ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል። ጠዋት መስኮት ስከፍት ጭሱ ገባ፤ ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ ደረቴ ጠበበ፣ ነጥቡ በአንዴ 80። ድሮ ቢሆን መስኮት ዘግቼ፣ ፎጣ አርጥቤ በበሩ ሥር አደርግ ነበር። አልዘጋሁም። በረንዳ ላይ ወጥቼ አስር ደቂቃ ቆምኩ፤ ያ ሁሉ ስትሮ የመተንፈስ ልምምድ ለዚህ ነበር። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ሚካኤል ሄድኩ፤ ቅጥሩ ውስጥም ገባሁ። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ኅዳር 21

አቦል።

ከታች ፎቅ ያሉት እማማ ቡና ሲያፈሉ ሁልጊዜ ይጠሩኛል። እኔ ደግሞ ሰበብ አላጣም፤ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ እንቅልፍ። ግድ ሲሆንብኝ በረካ ላይ እደርስና የቀጠነውን ቀምሼ አስቀምጣለሁ። ዛሬ ጠዋት በራሴ ወረድኩ፤ ገና ሲቆላ ደረስኩ። ጭሱን ወደ እኔ ሲያመጡልኝ በእጄ ወደ ፊቴ ሳብኩት። ጀበናው ተንፈቀፈቀ። አቦሉን ቀዱልኝ፤ ጥቁር፣ ወፍራም። ደብተሩ ላይ የጻፍኩት «ልቤ ይመታል፣ አይቆምም፣ እማማ ፊት እወድቃለሁ፤ 75 ከመቶ» የሚል ነበር።

ልቤ መታ። በደንብ መታ። ቡና ልብ እንደሚያስመታ እውነት ነው፤ ፓኒክ ያለበትን ሰው ደግሞ ብዙ ካፌይን ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ ስለዚህ ፍርሃቴ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ሲኒውን ይዤ ተቀመጥኩ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ቀጭ ቀጭ ይላል። እማማ አዩኝ፣ ምንም አላሉም፤ ቆሎውን ብቻ ወደ እኔ አስጠጉልኝ። ስለ እድሩ ድንኳን፣ ስለ ልጃቸው ያወራሉ፤ እኔም መመለስ ጀመርኩ። ቶና ላይ ሲደረስ ቀጭ ቀጩ ቆሟል። ሦስቱንም ጠጣሁ። «እግዜር ያክብርልኝ፣ እማማ» ብዬ ስነሳ «ነገም ነይ፣ ልጄ» አሉኝ።

ኅዳር 28

ስለ እማዬ ትንሽ ልበል።

አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። እማዬ ከዚያ ወዲህ ማኅበሯን ትታለች፣ ገበያ አትወጣም፣ አልጋ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ማየት ነው። «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ትለኛለች። ይህን ለሳይኮሎጂስቷ ስነግራት፣ ደስታው መጥቶ እንድትወጣ ከመጠበቅ ወጥታ ደስታውን እንድትፈልገው ማገዝ ይቻላል አለችኝ። የባህርይ ሕክምና ለድብርት የሚያደርገው ይህን ነው። ቀኑ ውስጥ ሰውየው ድሮ የሚወዳትን ወይም የሚጠቅመውን ትንሽ ነገር በተወሰነ ሰዓት ማስገባት፣ ከዚያ ስሜቱ ምን እንደሆነ መመዝገብ። እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዝ አገር 440 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ወጥቷል። ይህንኑ ቀላል መንገድ ብዙ ሥልጠና የሌላቸው ሠራተኞች ሲሰጡት፣ ልምድ ያላቸው ቴራፒስቶች ከሚሰጡት ሰፊ ሕክምና እንደማያንስ ነው ያሳየው። ባለሙያ ብርቅ በሆነበት በእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እማዬን «ታመሻል» አላልኳትም። «ለጾሙ ጎመን ከጉልት አንቺ ነሽ የምታውቂበት፤ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ አብረን እንውረድ» አልኳት። የመጀመሪያው ቀን ተቆጣች። ሁለተኛው ቀን ወረደች፤ ከሻጯ ጋር በዋጋ ተከራከረች። ስንመለስ ደረጃው ላይ «ጎመኑ ጥሩ ነው» አለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ነገር ጥሩ ነው ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ ለማርያም ማኅበር ማን ተራ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ታኅሣሥ 8

ወደቅሁ።

ሌሊቱን አልተኛሁም፤ የወር መዝጊያ ሒሳብ ነበረብን። ጠዋት መሀል ወንበር ላይ ጉርድ ሾላ ጋ ስንደርስ ያለ ምንም ምክንያት መጣ። እንደ ሰኔው። 100። «ወራጅ አለ» አልኩ። ወረድኩ። መንገድ ዳር አለቀስኩ። ደንቡ «ከወረድሽ ወደ ቤት አትመለሺ፣ ቀጣዩን ታክሲ ያዢ» ነው። አልያዝኩም። በራይድ ቤቴ ገባሁ። ያ እፎይታ እንደገና መጣ፤ አሁን ግን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ እያወቅሁትም ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 12

ሦስት ቀን ታክሲ አልነካሁም። ትናንት ሳይኮሎጂስቷ ጋ ሄድኩ። ሁለት ወር በከንቱ ለፋሁ ብዬ ነው የገባሁት።

የፓቭሎቭን ውሾች ነገረችኝ። ደወል ሲሰሙ ለሃጫቸው የሚወርደውን። ደወሉ እየተደወለ ምግብ ሳይመጣ ሲቀር ለሃጩ ይቆማል፤ ውሻው ረሳ ይባላል። ትንሽ አርፎ ደወሉን ሲሰማ ግን ለሃጩ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ፓቭሎቭ ራሱ መዝግቦታል። አሮጌው ትምህርት አልተፋቀም ማለት ነው፤ አዲስ ትምህርት ነው በላዩ የተጻፈበት። እንቅልፍ ሲጎድል፣ ሐሳብ ሲበዛ አሮጌው ብቅ ይላል። መድኃኒቱ አዲሱን ደጋግሞ መጻፍ ነው፤ በተለያየ ሰዓት፣ በተለያየ መንገድ፣ ደክሞኝም ሆነ ሳይደክመኝ። እኔ ደግሞ ስሄድ የነበረው ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሁልጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ጉርድ ሾላ ሄጄ እዚያው የወረድኩበት ቦታ ታክሲ ያዝኩ። ከመገናኛ ተመለስኩ። እንደገና ያዝኩ። አምስት ጊዜ። ረዳቱ አራተኛው ላይ አወቀኝና «እህቴ፣ የጠፋሽ ዕቃ አለ እንዴ?» አለኝ። አለ አልኩት።

ታኅሣሥ 21

ቀላል ባቡር። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ከአያት ሜክሲኮ።

ባቡሩ በ2008 መስከረም ሥራ ሲጀምር ከደስታችን ብዛት ያለ ጉዳይ እንሳፈረው ነበር። አሁን ግን ትልቅ ችግሬ የነበረው፣ ባቡር ላይ ወራጅ አለ ብሎ ነገር የለም። በሩ ሲዘጋ እስከ ቀጣዩ ፌርማታ ተዘጋ። መገናኛ ጋ የገባው ሰው ፊቴን ከአንድ ሰውዬ ጃኬት ጋር አጣበቀው። 85። አተነፋፈሴን ላስተካክል አልሞከርኩም፤ እሱም ምርኩዝ ሆኖብኝ ነበርና። ልቤን «ምቺ» አልኳት። ኡራኤል፣ ባምቢስ፣ እስጢፋኖስ፣ ስታዲየም። ባምቢስን ከላይ ሆኜ አየሁት። ሜክሲኮ ስወርድ 50 ነበር፤ ዜሮ አልነበረም። በ50 ነው ቢሮ የገባሁት፤ በ50 ነው ሰባተኛ ፎቅ በሊፍት የወጣሁት። ሊፍቱ መሰላሉ ላይ እንኳን አልነበረም።

ታኅሣሥ 29

ገና። ሥራ የለም። እማዬ ዶሮ ሠራች፤ ጎረቤት ጠራች።

ጥር 5

የመጨረሻው ታክሲ። ከአያት እስከ መገናኛ ያለውን እዘለዋለሁ፤ አሁን የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል።

ከመገናኛ ሜክሲኮ ከኋላ ወንበር በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ሦስት ሰው ከጎኔ። መስኮቱን ትንሽ ከፍቼዋለሁ፤ ይህ የቀረኝ የመጨረሻ ምርኩዝ ነው፣ ራሴ እዘጋዋለሁ ብዬ አቅጄ ነበር፣ ግን እስከ ሃያ ሁለት አልቻልኩም። ከፊቴ ሕፃን የታቀፈች ሴት ዞራ «እህቴ፣ ልጄን ንፋስ እንዳይመታብኝ፣ ዝጊልኝ» አለች። እጄን አነሳሁ። መስታወቱ ጠንካራ ነበር፤ በሁለት እጄ ገፋሁት። ተዘጋ።

ደብተሩ ላይ «እታፈናለሁ፤ 80 ከመቶ» ብዬ ነበር። ባምቢስ ጋ መንገዱ ተዘጋጋ። 95። ላብ በጀርባዬ ወረደ። ሕፃኑ በእናቱ ትከሻ በኩል ያየኛል፤ አፉ ውስጥ ጣቱን ከትቷል። እኔም አየሁት። ስንት ደቂቃ እንደቆምን አላውቅም፤ ሰዓት ማየትም ምርኩዝ ስለሆነ አላየሁም። የሆነ ጊዜ ላይ መስታወቱ በእስትንፋሳችን መጨገጉን አየሁ። የሁላችንም እስትንፋስ ነው። ማንም አልታፈነም።

ሜክሲኮ ስንደርስ ሁሉም ወረደ፤ እኔም ወረድኩ። «ወራጅ አለ» ያለ ሰው አልነበረም፤ መጨረሻው ስለሆነ። ደስታ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ድካም ነው። ሻይ ጠጣሁ፤ ዳቦ በላሁ፤ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ጥር 11

ከትናንት ጀምሮ እግሬ አላረፈም። ከተራ ታቦቱን ተከትለን ወጣን፤ እኔ፣ እህቴ፣ እማዬም ነጠላዋን ለብሳ። ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ጃንሜዳ ነበርን። በሩ አጠገብ ልንቆም እህቴ ስታዘግም «ወደ ውስጥ» አልኳት። 70 ነበር፣ ለረጅም ሰዓት 70። ሲነጋ ጳጳሳቱ ባረኩ፣ ውኃው ተረጨ፣ ሕዝቡ እልል እያለ ወደ ፊት ገፋ። እኔም ገፋሁ። ፀጉሬ ራሰ። እማዬ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች፣ ውኃው ፊቷ ላይ ይወርዳል፤ ከእንባዋ ጋር ይሁን አይሁን አልለየሁም። ነጥቡን መጻፍ የረሳሁት እዚያ ላይ ነው።

ጥር 14

ደብተሩ አላለቀም። ሳይኮሎጂስቷ ጋ ቀጠሮዬ ከዛሬ ጀምሮ በወር አንዴ ሆኗል። መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች እንዳሉ፣ እኔም ብሶብኝ ቢሆን ኖሮ ያንኑ እንደምታስብ ነግራኛለች፤ ይህን ለሚያነብ ሰው ማለት እፈልጋለሁ። መሰላሉ ላይ አዲስ የጻፍናቸው አሉ። ሐዋሳ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ 80። ሌሊት ብቻዬን ቤት ማደር 65። ጥርስ ሐኪም 60።

ዛሬ ማታ ከሥራ ስወጣ ተራው ረጅም ነበር። የመጣው ታክሲ ጋቢናው ባዶ ነው፤ ረዳቱ «ጋቢና ግቢ» አለኝ። ከኋላዬ በከዘራ የቆሙ አባት ነበሩ። «አባባ፣ እርስዎ ይግቡ» አልኩና ወደ ኋላ ሄጄ አራተኛ ሆንኩ።